ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ቱርቦ፦ ተሳቢ የሚጎትት ሞተር በኢትዮጵያ ዳገቶች ላይ

የማዳበሪያ ጭነት ዘር ከተዘራ በኋላ ቢደርስ ለአርሶ አደሩ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ይህን ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከወደብ እስከ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ያለው መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ብቻ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ጭነቱ በወቅቱ መድረስ አለመድረሱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም በቂ ትኩረት የማይሰጠው፣ ከጋቢናው ሥር የተቀመጠው ሞተር ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ በየአካባቢው የተቋቋሙት ዩኒየኖች አቅም ሲያገኙ በቅድሚያ ከሚያስቡት ንብረት መካከል የጭነት መኪናና ተሳቢው ይገኙበታል። ለግዢ የሚቀመጠው ኮሚቴ መጀመሪያ ዋጋ ያያል፤ ቀጥሎ የፈረስ ጉልበት ያያል። ዋጋው አይናቅም፤ የአባላት ገንዘብ ነውና። የፈረስ ጉልበቱ ግን ብቻውን ሲታይ ያታልላል። አንድ ሞተር ከባድ ተሳቢ አስከትሎ ዳገት መውጣትና ቁልቁለት በሰላም መውረድ መቻሉ የሚታወቀው በሌላ መለኪያ መሆኑን የጭነት መኪና ታሪክ ራሱ፣ በተለይም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ያለፈው ታሪክ፣ ደጋግሞ አሳይቷል።

የናፍጣ ሞተር አመጣጥ

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በስሙ የሚጠራውን ሞተር አውግስቡርግ በተባለችው ከተማ ሠርቶ በፈተና ያስመሰከረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። የቤንዚን ሞተር ነዳጅና አየር ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል። የዲዝል ሞተር ግን አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቃል። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ያለ ብልጭታ ራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ጭመቃ እንዲችል የሞተሩ አካል ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል። ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚሰጠው ግፊት ግን ብርቱ ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ዲዝል በሕይወት ሳለ ሞተሩ የፋብሪካና የመርከብ እንጂ የመኪና ሞተር አልሆነም። ባለቤቱም እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሻገር ሌሊት ከመርከቡ ጠፍቶ ቀረ። በጭነት መኪና ላይ የተገጠሙ የዲዝል ሞተሮች በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ታዩ፤ የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህም ተስፋፉ።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የጣሊያኑ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 ‹‹634 ኤን›› የተባለ የጭነት መኪና አወጣ። ‹‹ኤን›› የሚለው ፊደል ‹‹ናፍታ›› ለሚለው የጣሊያንኛ ቃል የቆመ ነው፤ በአማርኛ ናፍጣ ከሚባለው ጋር አንድ ቃል መሆኑ ግልጽ ነው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ ስፋቱ ከ8 ሊትር በላይ፣ ጉልበቱም 75 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህ መኪና በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው የጣሊያን ጦር ጋር ወደ አገራችን ገባ። ሹፌሩና ሕዝቡም የስሙን የመጨረሻ ቁጥሮች ይዞ ‹‹ትሬንታ ኳትሮ›› አለው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ዛሬ በየጋራዡ የሚሰሙት ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ወራሪው ሲባረር ቃሉና መኪናው ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። 75 የፈረስ ጉልበት ዛሬ ለአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የሚሰጥ ጉልበት ነው። ታዲያ ትሬንታ ኳትሮ ከ60 ኩንታል በላይ ጭኖ፣ አንዳንዴም ተሳቢ አስከትሎ፣ እንዴት ተራራ ወጣ? መልሱ ገበሬ በሚያውቀው ነገር ሊገለጽ ይችላል። ፈረስ ከበሬ ይፈጥናል፤ ቀንበር ተሸክሞ ሞፈር የሚጎትተው ግን በሬ ነው። የፈረስ ጉልበት የሚለው ቁጥር ሞተሩ በአንድ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሞተሩ በጣም ፈጥኖ በመዞር ብቻም ሊያገኘው ይችላል። የሞተሩን የበሬነት ጠባይ የሚለካው ቶርክ ወይም የማዞር ኃይል የሚባለው ነው። ትልቅ ቶርክ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጥ ሞተር ከቆመበት ተሳቢውን ያንቀሳቅሳል፤ ዳገት መሃል ዙሩ ሲወርድበትም ቶሎ አይሞትም። ትሬንታ ኳትሮ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 1,700 ዙር ብቻ ሲዞር ነበር።

አየር የሚሳሳበት ዳገት

ይሁን እንጂ ሞተሩ የተሠራው ቱሪን ከተማ ነው፤ የሚሠራው ግን ጣርማ በር ላይ ሆነ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ዋሻ ፈልፍለው ባወጡት በጣርማ በር ያለው ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከሁለት ሦስተኛው ብዙም አይበልጥም። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል እያጣ ይወጣል ተብሎ በግምት ይሰላል። በዚህ ስሌት 75 የነበረው ጉልበት ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከ55 በታች ይወርዳል። ናፍጣው ግን በፊት እንደሚረጨው ይረጫል፤ ለመቃጠል የሚበቃ አየር ስለማያገኝም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ከሰው ሩጫ በማይፈጥን ጉዞ ጭስ እየተፋ የሚያቃስተውን መኪና፣ ረዳቱም ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማ አጠገብ ሲሮጥ ያየ የዚያ ዘመን ሰው ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ተረድቶታል።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹ በዓለም ባንክ ብድር መጠገንና መስፋፋት ሲጀምሩ የጭነት መኪናውም አብሮ አደገ። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 ‹‹682›› የተባለውን አወጣ። የዚህ መኪና ሞተር ከ10 ሊትር በላይ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የመጣው ‹‹682 ኤን 3›› ደግሞ ‹‹ኤንትሬ›› ተብሎ በመላው ኢትዮጵያ ታወቀ። አፍራሽም አልነበረም። በአሰብ መንገድ ላይ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ደጋ የሚወጣው ጭነት ለብዙ ዓመታት የእርሱና የተሳቢው ሥራ ነበር። በአሠራሩ አንድ ብልሃት ይታያል፦ የአየሩን እጥረት በሞተር ስፋት ማካካስ። ሲሊንደሩ ሰፊ ከሆነ ከሳሳውም አየር የሚበቃውን ያህል ይስባል። ከባድ ነው፣ ይጮኻል፣ ለሹፌሩ ምቾት የለውም፤ ሲበላሽ ግን በየወረዳው ከተማ ያለ መካኒክ ቴስታታውን አውርዶ፣ ባልቦላውን አስተካክሎ መልሶ ያስነሣዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ ድርጅት፣ በምሕጻሩ አምቼ፣ ከፊያት በኋላም ከኢቬኮ ጋር ሆኖ የጭነት መኪና እዚሁ መገጣጠሙ መለዋወጫውንና ባለሙያውን ይበልጥ አቀረበው። ኤንትሬ ከፋብሪካው ምርት ከቆመም በኋላ ለአሥርት ዓመታት በመንገድ ላይ የቆየው በሌላ ምክንያት አይደለም።

ስምንት በርሜል የፈላ ውሃ

ስለ መጎተት ሲወራ ሁሉም ስለ ዳገቱ ያስባል። ተሳቢ የሚገድለው ግን ቁልቁለት ላይ ነው።

ትሬንታ ኳትሮ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው የሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ የራሱን የዲዝል ሞተር በጭነት መኪና ላይ ገጥሞ ከኒውዮርክ ተነሥቶ እስከ ሎስ አንጀለስ ለማሽከርከር ወጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን የሚባለውን ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለ። ከቁልቁለቱ ግርጌ የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ ባቡርም እየመጣ ነበር። መኪናው ለጥቂት አመለጠ። ከሚንስ ይህን አልረሳም። የቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጅ ሲነሣ የአየሩ መግቢያ ስለሚዘጋ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል። የዲዝል ሞተር ግን አየሩን ቢጨምቅም የተጨመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ስለሚገፋው ያን ያህል አይይዝም። ከሚንስ በእርጅናው ዘመን የፈለሰፈው መሣሪያ አየሩ ተጨምቆ ሲያበቃ የጭስ ባልቦላውን በመክፈት ያንን ግፊት ያስለቅቀዋል፤ በዚህም ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጃኮብስ የተባለ ፋብሪካ ለገበያ አቀረበው። ከዚህ የቀለለውና በስፋት የተለመደው ሌላው ዓይነት በጭስ ማውጫው ላይ ክዳን እየዘጋ ሞተሩን የሚያፍን ነው።

የዓባይ በረሃ ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ መንገዱ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጠቅላላ ክብደቱ 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን፣ የሆነ መኪናና ተሳቢ ይህን ያህል ሲወርድ መወገድ ያለበት ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 1,600 ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ስምንት በርሜል መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን የመንገዱና የነፋሱ ተቃውሞ ይወስደዋል። የተረፈው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ከተጫነ ሸራው ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ሸራም አይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን በፍሪ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ሞተሩን ከሥራ አስወጥቶ ስምንቱን በርሜል በሙሉ ለሸራው ያሸክማል። ተሳቢው የራሱ ጤነኛ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ከኋላ ሆኖ መኪናውን ይገፋል፤ መታጠፊያ ላይም ያጥፈዋል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሻገሪያውን አቅልሏል፤ ቁልቁለቱን ግን አላሳጠረውም።

ከእርሻ ትራክተር ወደ ፒካፕ

የፒካፕ ታሪክም ይህንኑ ትምህርት ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። የአሜሪካ ገበሬዎች ከብትና ድርቆሽ በተሳቢ የሚያጓጉዙት በአብዛኛው በፒካፕ ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የሚመርጡት ትልልቅ የቤንዚን ሞተሮችን ነበር። በዚያ አሥርት ዓመት መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስና ፎርድ የዲዝል ፒካፕ አወጡ። ለውጡ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ዶጅ ኩባንያ በፒካፑ ላይ የከሚንስን ባለ 5.9 ሊትር ሞተር ሲገጥም ነው። ይህ ሞተር ለፒካፕ የተሠራ አልነበረም። ከሚንስ የእርሻ ትራክተር አምራች ከሆነው ኬዝ ጋር በጋራ ባቋቋመው ፋብሪካ ይመረት የነበረ፣ ለእርሻና ለሥራ መሣሪያዎች የታሰበ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። የፈረስ ጉልበቱ 160 ብቻ ነበር፤ በዚያው ፒካፕ ላይ የሚገጠመው ትልቁ የቤንዚን ሞተር በዚህ ቁጥር ይበልጠው ነበር። ቶርኩ ግን 540 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚገኘውም ከ2,000 ዙር በታች ነው። ገበሬው በበሩ ላይ የተጻፈውን ትቶ ከኋላ የሚጎተተውን አየ፤ ሞተሩም በሰፊው ተሸጠ።

በዚህ ሞተር ላይ ሊታለፍ የማይገባ ሌላ ነገር አለ፤ ቱርቦ ነበረው። ቱርቦን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ትንሽ ዘዋሪ ያሽከረክራል፤ ዘዋሪው በሌላ ጫፉ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ቲታን ቱርቦ የጭነት መኪና ላይ ጉልበቱን ከ150 ወደ 185 ከፍ አድርጓል። ይህ በአውሮፓ ሜዳ የጉልበት ጭማሪ ማለት ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ትርጉሙ ከዚያ ይሰፋል፤ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ሞተሩ በባሕር ዳር የነበረውን ጉልበት አብዛኛውን ይዞ ተራራ ይወጣል። የፊያት መሐንዲሶች በሲሊንደር ስፋት ይፈቱት የነበረውን ችግር ቱርቦው በትንሽ ዕቃ ፈታው።

በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የታወቀው ባለ 4.2 ሊትር የላንድክሩዘር ሞተር ያለ ቱርቦ የሚሠራ፣ ቀላልና ዕድሜው ረጅም ነው። ሠራተኛና ጥቂት ኩንታል ዘር ለማመላለስ ከእርሱ የተሻለ ለማግኘት ያስቸግራል። በደጋ ከባድ ተሳቢ አስከትሎ እንዲወጣ ከተፈለገ ግን የሚጠየቀው ከአቅሙ በላይ ነው።

የፈረስ ጉልበት ከተሳቢ ጋር ሲሰላ

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የበዛው ሲኖትራክ 371 የፈረስ ጉልበትና 1,500 ኒውተን ሜትር ያህል ቶርክ ያለው፣ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ባለ ቱርቦ ሞተር ይዞ መጣ። ሞተሩ የዘር ሐረጉ ከኦስትሪያው ሽታየር ይመዘዛል፤ ቻይናውያን በ1980ዎቹ ፈቃዱን ገዝተው አሳድገውታል። በዋጋው ርካሽነት ብዙ ማኅበራትና ግለሰቦች ባለ መኪና ሆነዋል። ሕዝቡ በአደጋው ምክንያት ክፉ ቅጽል ስም ቢያወጣለትም ተጠያቂው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ከልክ በላይ የተጫነ ጭነት፣ ልምድ የሌለው ሹፌርና ያልተጠገነ ፍሬን አብረው ሊጠየቁ ይገባል።

ቁጥሮቹን በስሌት ማየት ይጠቅማል። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ መኪናና ተሳቢ በ100 ሜትር ርቀት 7 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ 240 ያህል የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነው ሲታከል ሞተሩ 280 ያህል መስጠት አለበት። በካታሎጉ 280 የተጻፈለት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀረው ወደ 215 ስለሆነ ፍጥነቱ ወደ 15 ይወርዳል። በአንድ ዳገት ይህ ብዙ አይመስልም። ከአዋሽ ሸለቆ እስከ ደጋ በሚወጣ መንገድ ላይ ግን ልዩነቱ ይጠራቀማል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይግላል፤ ራዲያተሩም በዝግታው ምክንያት በቂ ነፋስ አያገኝም። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ምጣኔም ከሞተሩ እኩል ይቆጠራል። ለሜዳ ፍጥነት የተመረጠ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ብርቱ ሞተር ቢኖረውም ተራራ ላይ ፍሪሲዮን ይበላል። ይህ ቁጥር በጨረታ ሰነድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ቱርቦም ያለ ዕዳ አልመጣም። እጅግ ፈጥኖ የሚዞር ዕቃ ስለሆነ በዘይት ይኖራል፤ ዳገት ወጥቶ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ሹፌር ዘይቱን በጋለው ቱርቦ ውስጥ ያሳርረዋል። ጥቂት ደቂቃ በዝግታ አስነሥቶ ማቆየት የሚበጀው ለዚህ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኮመን ሬል የሚባሉት ሞተሮች ደግሞ ናፍጣውን እጅግ ከፍ ባለ ግፊት በኤሌክትሮኒክስ ይረጫሉ። ይቆጥባሉ፣ ጭሳቸው ያንሳል፣ ቶርካቸውም ብርቱ ነው። ነገር ግን ከበርሜል በቱቦ የተቀዳ፣ ውሃ ወይም አቧራ ያለበት ናፍጣ አይምራቸውም። ፖምፓውን ፈትቶ የሚያስተካክለው የወረዳ መካኒክም በእነዚህ ላይ ያለ መመርመሪያ መሣሪያ ብዙ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ ኮሚቴው ሞተር ሲመርጥ አብሮ የሚመርጠው ጋራዥ፣ የናፍጣ ማጣሪያና የሹፌር ሥልጠና ጭምር ነው። ኤንትሬን ለረጅም ዘመን ያኖረው መካኒኩ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሞተር በር ላይ ቆሟል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ከከተማ አልፎ ገጠር ደርሷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጣርማ በርም ጅቡቲም ለእርሱ አንድ ናቸው። ሙሉ ቶርኩን ከቆመበት ይሰጣል። ቁልቁለት ላይም ተመልሶ ጄኔሬተር ስለሚሆን፣ በዓባይ በረሃ ስምንት በርሜል ውሃ ያፈላ የነበረውን ሙቀት በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ተሳቢ ላስከተለ ከባድ መኪና ግን ባትሪው ራሱ ክብደት ነው፤ የጭነቱን ቦታም ይሻማል። ከጋላፊ እስከ አዋሽ ባለው በረሃ ደግሞ የት ቆሞ፣ ስንት ሰዓት ጠብቆ፣ በምን ዋጋ እንደሚሞላ ለሚቀጥለው ግዢ የሚቀመጠው ኮሚቴ ከሻጩ በጽሑፍ ሊጠይቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።